ዕቃዎ ደርሷል

ሌዲ ፔንሪን የምትባል መርከብ ነበረች። በ1786 ለንደን፣ ቴምስ ወንዝ ዳር ተሠራች፤ በ1811 ካሪቢያን ባሕር ላይ ፈረንሳዮች ማርከው አወደሟት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በእነዚህ 25 ዓመታት ውስጥ እስረኛ ሴቶችን ጭናለች፣ ፈረሶችን ጭናለች፣ የቻይና ሻይ ቅጠል ጭናለች፣ በመጨረሻም በለንደንና በጃማይካ መካከል ስትመላለስ ኖራለች። ስትሠራ ግን ለዚህ ሁሉ አልነበረም። የተሠራችው ለባሪያ ንግድ ነበር።

ስለዚህች መርከብ ማሰብ የጀመርኩት በአንድ ስልክ ምክንያት ነው። እሱን ላስቀድም።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት የነበረው ድርጅት አንድ የዕቃ መከታተያ ሲስተም ነበረው። አብዛኛውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር እኮራበትም ነበር። አንድ ዕቃ ሲመጣ ይመዘገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ በአራት ደረጃዎች ያልፋል፦ «ተመዝግቧል»፣ «ተልኳል»፣ «ደርሷል»፣ ችግር ካለ ደግሞ «ተመልሷል»። «ደርሷል» የሚለው ሲጫን ሁለት ነገሮች በራሳቸው ይሆናሉ። ለላኪው ቴክስት ይሄዳል፣ ለሒሳብ ክፍሉ ደግሞ የክፍያ መጠየቂያ ይወጣል። ንጹሕ ሥራ ነበር።

አንድ ቀን አዲስ ደንበኛ መጣ። ሠራተኞችን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ኤጀንሲ ነው። ማን ተመዘገበ፣ ማን በረረ፣ ማን ደረሰ፣ ማን ተመለሰ የሚለውን መከታተል ይፈልጋሉ። አለቃዬ ጠራኝና «ያው ነው እኮ፤ ስሙን ብቻ ቀይረው» አለኝ። ልክ ነበር። በእኛ ሙያ የተጻፈን ነገር እንደገና መጻፍ ስንፍና ወይም ሞኝነት ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ትሠራለህ፣ ከዚያ ለሁሉም ትጠቀምበታለህ። በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። «ዕቃ» የሚለውን «ሠራተኛ» አደረግኩት፣ «ክብደት» የሚለውን አጠፋሁት፣ «መድረሻ አድራሻ» የሚለውን እንዳለ ተውኩት።

ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ተደወለ። በዚያ ሳምንት የደንበኞች መስመር ወደ እኔ ስልክ የዞረ ነበር። ከአነጋገራቸው የወሎ ሰው የሚመስሉ አባት ናቸው።

«ልጄ፣ መልእክት መጥቶልኝ ነበር። የጎረቤት ልጅ ነው ያነበበልኝ። የላኩት ዕቃ ደርሷል ይላል። እኔ ዕቃ አልላክሁም።»

ስልክ ቁጥራቸውን ጠይቄ ሲስተሙ ላይ ፈለግኩ። ወዲያው ገባኝ። ስክሪን ላይ ያለውን ቃል ሁሉ ቀይሬ የቴክስቱን ረስቼዋለሁ። «የላኩት ዕቃ መድረሻው ደርሷል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

«አባባ፣ የኛ ስሕተት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዕቃ ሊል ፈልጎ አይደለም፣ ስለ ልጅዎ ነው።»

ዝም አሉ። አሁን ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝም አይፈረድባቸውም።

«እና ደርሳለች ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ደርሳለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። መርቀውኝ፣ ለወላጆቼ ሳይቀር ዕድሜ ለምነው ስልኩን ዘጉት።

ቴክስቱን አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አስተካከልኩት። ምርቃቱ ግን አልወጣልኝም። «ደርሳለች» ያልኳቸው ምን አውቄ ነው? የማውቀው አንድ የቢሮ ሠራተኛ አንድ ቁልፍ መጫኑን ብቻ ነው። የት ቤት እንደገባች፣ ስልኳ በእጇ ይሁን አይሁን፣ በልታ ይሁን አይሁን ሲስተሙ አያውቅም። ሊያውቅም አይችልም፤ እንዲያውቅ አድርጌ አልሠራሁትም።

የድሮ መርከቦችን ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ፤ ቆየት ያለ ሱስ ነው። በዚያው ሰሞን ማታ ማታ የማነበው ፈርስት ፍሊት ስለሚባለው ነበር፤ እንግሊዝ እስረኞችን ይዛ ወደ አውስትራሊያ ስለላከቻቸው የመጀመሪያዎቹ 11 መርከቦች። አሜሪካ ነጻ ከወጣች በኋላ እንግሊዞች እስረኛ የሚጥሉበት አገር አጡ። እስር ቤቶቹ ሞሉ፤ ትርፉን ቴምስ ላይ በቆሙ አሮጌ መርከቦች ውስጥ ያጉሩት ጀመር። መፍትሔ ብለው ያመጡት የዓለም ጫፍ ላይ አዲስ ሰፈራ መመሥረት ነው። ከ11ዱ አንዷ ሌዲ ፔንሪን ነበረች፤ የጫነችው እስረኛ ሴቶችን ነው፣ ከ100 በላይ።

የያዘኝ ነገር ሠንጠረዥ ነው። የመርከቧ ሐኪም አርተር ቦውስ ስሚዝ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ ማስታወሻው ዛሬ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ። በውስጡ የሴቶቹ ዝርዝር ይገኛል። ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያ፣ ወንጀል፣ የተፈረደባት ዓመት። አምስት ዐምድ። ሳየው «ይኼ የኔ ሥራ ነው» አልኩ።

ከዝርዝሩ ውስጥ ሦስቱን ልንገራችሁ። ዶርቲ ሃንድላንድ አሮጌ ልብስ ትሸጥ ነበር፤ በሐሰት በመማል ሰባት ዓመት ተፈርዶባታል። ሐኪሙ ዕድሜዋን 82 ብሎ ጽፏል። ኤልሳቤጥ ሄይዋርድ 13 ዓመቷ ነበር። የእንጨት ጫማ የሚሠራ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትኖር ቀሚስና የሐር ኮፍያ ሰረቀች ተብላ ነው። ኤስተር አብርሃምስ የለንደን አይሁዳዊት ናት፤ ከአንድ ሱቅ ጥቁር የሐር ዳንቴል ሰረቀች ተባለች። ኒውጌት እስር ቤት ውስጥ ሳለች ሴት ልጅ ወልዳ፣ መርከቧ ላይ የወጣችው ሕፃኗን ታቅፋ ነው።

እነዚህን ሴቶች የጫነችው መርከብ እንግዲህ ለሌላ ጭነት ነበር የተሠራችው። ርዝመቷ 103 ጫማ ነው፤ 31 ሜትር ገደማ። ሦስት የከተማ አውቶቡሶች በሰልፍ ቢቆሙ ይበልጧታል። ሁለት ወለል ነበራት፣ 275 ባሪያ እንድትይዝ ታስባ። ቁጥሩ ላይ ትንሽ ቆዩ። አንድ ሰው ወረቀት ላይ ተቀምጦ፣ ወለሉን ለካ፣ ለአንድ ሰው ስንት እንደሚበቃ ወሰነ፣ አካፈለ፣ 275 አገኘ። ያ ሰው ስለ ባሪያ ንግድ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም፤ ምናልባት ጥሩ አናጢ፣ ጥሩ የሒሳብ ሰው ነበር።

ስሟም የዚያው ንግድ ስም ነው። ባሮን ፔንሪን የሚባለው ሪቻርድ ፔናንት ጃማይካ ውስጥ የሸንኮራ እርሻዎች ነበሩት። የሊቨርፑል ተመራጭ ሆኖ ፓርላማ ገብቶ የባሪያ ንግድ እንዳይቀር ከተሟገቱት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ሌዲ ፔንሪን ደግሞ የሚስቱ ማዕረግ ነው። ከመርከቧ ባለቤቶች አንዱ ራሱ ካፒቴኑ ዊልያም ሴቨር ነው። ሌላኛው ዊልያም ኩርቲስ የሚባል የለንደን ባለሥልጣን ነው፤ ለመርከበኞች ደረቅ ብስኩት እያመረተ የከበረ፣ ኋላም የለንደን ከንቲባ የሆነ።

ባለቤቶቹ መንግሥት እስረኛ የሚጭን መርከብ ይፈልጋል ሲባል የሰሙት፣ አለቃዬ የነገረኝን ይመስለኛል። ያው ነው፤ ስሙን ብቻ ቀይረው። ብዙ ሰው ለብዙ ወር እንዲይዝ የተሠራ ወለል አለ፤ ባሪያ የሚለውን እስረኛ በሚለው ተካው። መርከብ ምን እንደጫነች አትጠይቅም።

ግን እዚህ ጋ ታሪኩ እንደጠበቅኩት አልሄደም። ለባሪያ የተሠራች መርከብ ስለሆነች ሴቶቹ እንደ ዝንብ ረገፉ ብዬ ልጽፍላችሁ ተዘጋጅቼ ነበር። አልረገፉም።

ጉዞውን የመራውና የአዲሱ ሰፈራ ገዥ እንዲሆን የተሾመው አርተር ፊሊፕ ነበር። መርከቦቹ ገና ከእንግሊዝ ሳይነሡ፣ በማርች 1787፣ ሌዲ ፔንሪን ላይ የተጫኑትን ሴቶች አየ፤ እርቃናቸውን ሊሆኑ ትንሽ የቀራቸው፣ በቆሻሻ የተበሉ። ለመንግሥት ጻፈ። ሴቶቹን በዚህ ሁኔታ የላኳቸው ዳኞች ሊያፍሩ ይገባል፣ ልብስ ባይሰጣቸው ኖሮ ያልቁ ነበር አለ። ወደብ ላይ ቆመው ሳሉ ትኩስ ሥጋና አትክልት ይሰጣቸው ብሎ ጨቀጨቀ። አየር እንዲያገኙ ወደ ላይ ይውጡ አለ። ሪዮ ዲ ጄኔሮ ሲደርሱ አንድ ወር ያህል አርፈው ትኩስ ምግብና ብርቱካን ተበላ። ከእንግሊዝ ሜይ 13 ቀን 1787 ተነሥተው፣ በቴነሪፍ፣ በሪዮና በኬፕታውን አልፈው፣ ጃንዋሪ 1788 ላይ አውስትራሊያ ደረሱ። ከስምንት ወር በላይ ፈጀ። በ11ዱ መርከቦች ከተጓዙት ወደ 1,400 ከሚሆኑ ሰዎች መካከል በመንገድ የሞቱት 50 አይሞሉም። ለዘመኑ ይኼ ተአምር ነው።

የክፍያው ነገርም አለ። መርከቦቹ የተከራዩት በቶን በወር 10 ሺሊንግ ነው። በዚህ ስሌት አንዲት ሴት ብትሞት ማንም አያተርፍም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ጓድ ሄደ። ሥራውን ያሸነፈው ካምደን፣ ካልቨርትና ኪንግ የሚባል የባሪያ ንግድ ውስጥ የነበረ ኩባንያ ነው። ውሉ በአንድ እስረኛ 17 ፓውንድ ከ7 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይላል፤ የሚታሰበው ግን ለተጫነ ሰው እንጂ በሕይወት ለደረሰ ሰው አይደለም። መርከብ ላይ ከወጣህ በቃ፣ ተከፍሎብሃል። ከዚያ በኋላ የምትበላው ምግብ ለነሱ ወጪ ነው። እስረኞቹን ያሰሩበት የእግር ብረት ሳይቀር የባሪያ መርከብ ብረት ነበር። ከጫኑት 1,000 ገደማ ሰው ሩብ ያህሉ መንገድ ላይ አለቀ። ኔፕቱን የምትባለው አንዷ መርከብ ብቻ 158 እስረኛ ገድላለች።

በሁለት ዓመት ልዩነት ያው መንግሥት፣ ያው ባሕር፣ ያው መንገድ ነው። የመርከቦቹም አሠራር ያን ያህል አይለያይም። አንደኛው ጋ የሚጠይቅ ሰው ነበር፣ ውሉም ለሞት አይከፍልም። ሌላኛው ጋ ውሉ የሚቆጥረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መጫንን።

ይህን ያነበብኩ ሌሊት ላፕቶፔን ከፍቼ የራሴን ኮድ አየሁ። የክፍያ መጠየቂያው የሚወጣው መቼ ነው? «ደርሷል» ሲጫን። ከዚያ በኋላ ምን አለ? «ተመልሷል» ብቻ። በመሃል ምንም የለም። ለዕቃ ይኼ ትክክል ነው፤ ካርቶን ከደረሰ በኋላ የሚነገር ታሪክ የለውም። ለሰው ግን ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሁለት ዓመት የምትሠራው፣ ደመወዝ የሚከፈላት ወይም የሚከለከላት፣ የምትታመመው፣ የምትድነው፣ የምትደውለው ወይም መደወል የምታቆመው ከ«ደርሷል» በኋላ ነው። እኔ ያንን ሁሉ በአንድ ባዶ ቦታ አልፌዋለሁ። በክፋት አይደለም፤ የወሰድኩት ሲስተም የካርቶን ቅርጽ ስለነበረው ነው።

የሌዲ ፔንሪንን ነገር ልጨርስላችሁ፤ ምክንያቱም እሷም «ደርሷል» ላይ አላበቃችም።

ጃንዋሪ 26 ቀን 1788 ዛሬ ሲድኒ በሚባለው ወደብ መልሕቅ ጣለች። ሴቶቹ የወረዱት ፌብሩዋሪ 6 ነው። አገሩ ባዶ አልነበረም፤ የኢዮራ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖርበት ነበር፤ ለነሱ ያ ቀን ሌላ ታሪክ ነው፣ የከፋ። ከሴቶቹ ጋር ከኬፕታውን የተጫኑ ፈረሶችም ወረዱ፤ አውስትራሊያን የረገጡ የመጀመሪያዎቹ ፈረሶች። ሐኪሙ አዲሱን አገር እየዞረ ወፎችን ይመዘግብ ነበር፤ ኢሙ የሚባለውን ትልቁን ወፍ ቀድመው ከሣሉት አውሮፓውያን አንዱ ነው።

መንግሥት ከጭነቷ ሲያሰናብታት መርከቧ ወደ ንግድ ተመለሰች። ጆርጅ ማኮሌይ የሚባል ሌላ የለንደን ባለሥልጣን ወደ ሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ሄዳ የጸጉራም እንስሳት ቆዳ እንድታመጣ ተዋውሎ ነበር። በሜይ 1788 ተነሣች። አልሆነም። ከትኩስ ምግብ እጦት የሚመጣው ስኩርቪ መርከበኞቹን ጣላቸው፤ ድዳቸው ደማ፣ እግራቸው አልነሣ አለ። የቆዳውን ነገር ትተው ወደ ታሂቲ ዞሩ። በጁላይ ታሂቲ ገቡ፤ የደሴቱ ሰዎች በአሳማ ሥጋ፣ በኮኮናትና በፍራፍሬ ሕይወታቸውን መለሱላቸው። ለሴቶቹ ፊሊፕ የጨቀጨቀው ትኩስ ምግብ፣ ሴቶቹ ሲወርዱ ለመርከበኞቹ የሚጨቀጭቅ ጠፋ ማለት ነው።

መንገድ ላይ ሰው አልባ የሆኑ ደሴቶች አጋጠሟቸው። አንደኛውን ኩርቲስ፣ ሌላኛውን ማኮሌይ አሏቸው፤ በባለቤቱና በተከራዩ ስም። ከታሂቲ ከወጡ በኋላ ደግሞ ኦገስት 8 ላይ አንዲት ዝቅ ያለች የኮራል ደሴት አዩ። የመርከቧን ስም ሰጧት፤ ፔንሪን። ደሴቲቱ ግን ስም ነበራት፤ የሚኖሩባት ሰዎች ቶንጋሬቫ ይሏታል። ከዚያ ማካው፣ ከዚያ የካንቶን ሻይ፣ በኦገስት 1789 እንግሊዝ። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ሴቶቹ የተኙበት ወለል በሻይ ቅጠል ተሞልቶ ቴምስ ገባ። ሐኪሙ በዓመቱ ሞተ። መርከቧ ተሸጠች፣ ዌደርበርን የሚባሉ ነጋዴዎች ገዝተው የጃማይካ መስመር ላይ አሰማሯት፤ ስሟን ያገኘችበት የሸንኮራ ደሴት። በባሪያ ጉልበት በሚኖር ደሴትና በለንደን መካከል ስትመላለስ ነው ፈረንሳዮች የያዟት።

መርከቧ ከጠፋች ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1862፣ ቶንጋሬቫ ላይ ሌላ መርከብ ቆመ። አደላንቴ ይባላል፤ ከፔሩ ነው የመጣው። ፔሩ ለእርሻዎቿ ጉልበት ትፈልግ ነበር። በደሴቲቱ ደግሞ ያን ጊዜ ኮኮናቱ በበሽታ ተመትቶ ሰው ተርቧል። መልማዮቹ ሥራ አለ፣ ውል አለ፣ ትመለሳላችሁ አሉ። ከ200 በላይ ሰዎች ተሳፈሩ። ካያዎ ወደብ ሲደርሱ ውላቸው ለገዢ ተሸጠ። ሌሎች መርከቦችም ተከተሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከዚያች ትንሽ ደሴት ወጡ። አብዛኞቹ አልተመለሱም። በባሪያ አሳዳሪ ሚስት ማዕረግ የተሰየመች ደሴት፣ ሰዎቿ በውል ስም ተሸጡ። ማንም ያን አስቦ አይደለም ስሙን የሰጣት።

ይህን ሳነብ የወሎው አባት ድምፅ መጣብኝ። የኔ ኤጀንሲ የባሪያ ነጋዴ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ልጆች ሄደው፣ ሠርተው፣ ለእናታቸው የቆርቆሮ ቤት ሠርተው ተመልሰዋል፤ እናውቃቸዋለን። የምለው ሌላ ነው። ከቶንጋሬቫ የወጡትም «ደርሰዋል»። መዝገብ ቢኖር ካያዎ ላይ «ደርሷል» ይላል። ክፍያውም ተፈጽሟል።

ኤስተር አብርሃምስም ደርሳለች፤ የሷ ግን በሌላ በኩል ዞረ። መርከቧ ላይ ጆርጅ ጆንስተን ከሚባል የባሕር ኃይል ወታደር መኮንን ጋር ተዋወቀች። አብረው ኖሩ፣ ብዙ ልጆች ወለዱ፣ ትልቅ እርሻ ያዙ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1808፣ ሲድኒ በገቡ በልክ በ20ኛ ዓመቱ፣ ጆንስተን ገዥውን ዊልያም ብላይን አሰረና ለጥቂት ወራት ቅኝ ግዛቱን ራሱ አስተዳደረ። ዳንቴል የሰረቀችው እስረኛ የአገሩ መሪ ቤት እመቤት ሆነች። በ1814 በወግ ተጋቡ። ሐኪሙ በአምስት ዐምድ ሲመዘግባት ይህን የሚያስገባበት ቦታ አልነበረውም።

እኔም የነበረኝ ሠንጠረዥ ቦታ አልነበረውም። ሰኞ ቢሮ ገብቼ አለቃዬን አነጋገርኩት። ከ«ደርሷል» በኋላ አንድ ነገር እንጨምር አልኩት፤ ለመጨረሻ ጊዜ ማን አናገራት፣ መቼ። ከተቻለ በየወሩ፣ ካልተናገረች ሲስተሙ ያስታውስ።

«ውሉ ላይ አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«ታዲያ ማን ይከፍላል?»

ጥያቄው ልክ ነበር፤ ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው። ፊሊፕን የምቀናበት ለዚህ ነው። ቅዱስ ስለነበረ አይደለም፤ ያንኑ የኢዮራ አገር የወሰደው እሱ ነው። ግን መርከቧን እንዳለች ተቀብሎ፣ ወለሉን ሳያፈርስ፣ ምን በልተዋል፣ ምን ለብሰዋል እያለ እስኪሰለቻቸው ድረስ ይጠይቅ ነበር። ሥልጣን ነበረው በሉ። እኔ የነበረኝ ኮዱ ላይ የመጻፍ መብት ነው፤ እሱም ትንሽ አይደለም።

ጨመርኩት። ማንም ሳያዘኝ፣ አንድ ማታ። «መጨረሻ የተነጋገረችበት ቀን» የሚል አንድ ቦታ፣ መሙላት ግዴታ ያልሆነ። ግዴታ ባደርገው ያስወጡት ነበር። ከኤጀንሲው ልጆች አንዷ ብቻ አስተዋለችው፤ ደውላ «ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «እሺ» አለች። ከዚያ በኋላ እሷ የያዘቻቸው ሰዎች ላይ ቀን መታየት ጀመረ። የሌሎቹ ባዶ ነው።

ከዚያ ድርጅት ከወጣሁ ቆይቷል። ስወጣ ባዶዎቹ ከተሞሉት ይበዙ ነበር። ባዶ ሲሆን ግን ቢያንስ ባዶ መሆኑ ይታያል፤ በፊት ባዶ መሆኑም አይታይም ነበር። የወሎው አባት ልጅ ላይ ቀን ተጽፏል፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ሳላስተካክል ነው የወጣሁት። ስክሪኑ ላይ «ሠራተኛ» ይላል፤ ከስር ያለው የሠንጠረዡ ስም ግን ያው «ዕቃ» ነው። እሱን ለመቀየር ብዙ ነገር ይፈርሳል፣ ማንም አያየውም፣ ይቆይ ተባለ። ደሴቲቱም በካርታ ላይ እስካሁን ሁለት ስም ነው የሚጻፍላት።